የማዕበሉ ድምፅ፦ ማግኔት፣ ሽቦና የሰርፍ ጊታር ታሪክ

ፒክአፕ የሚለው ቃል በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ሲጠራ በብዙ ሰው ዐይነ ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው ከኋላው ዕቃ የሚጭን መኪና ነው። በጊታር ተጫዋቾች ዘንድ ግን ቃሉ ሌላ ነገር ያመለክታል። በኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ሥር የተቀበረች፣ ከአመልካች ጣት ብዙም የማትረዝም፣ በውስጧ ማግኔትና ከፀጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ የያዘች ዕቃ ናት። አድማጭ አያያትም፤ በአልበም ሽፋን ላይም ስሟ አይጻፍም። ይሁን እንጂ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በደቡባዊ ካሊፎርኒያ ጠረፍ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው የሰርፍ ሙዚቃ መለያ ድምፁን ካገኘባቸው ምንጮች መካከል እርሷ ቀዳሚውን ስፍራ ትይዛለች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሰርፍ ሙዚቃ ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገሮች ይነሣሉ፤ ባሕሩና «ንጉሡ»። ባሕሩ ሰላማዊ ውቅያኖስ ነው፤ ንጉሡም «የሰርፍ ጊታር ንጉሥ» የተባለው ዲክ ዴል ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ግን ሁለቱም ሙሉ አይደሉም። ውቅያኖሱ ከሺህ ዓመታት በፊትም ነበር፤ ዴልም ቢሆን ያለ ማግኔቱና ያለ ሽቦው በተመሳሳይ ጣቶች ሌላ ድምፅ ባሰማ ነበር። የዚህ ሙዚቃ ልደት አንድ ሙዚቀኛ፣ ጊታር መጫወት የማይችል አንድ ሠሪ፣ ከምሥራቃዊ ሜድትራኒያን የመጣ አንድ ዜማና ሽቦ ሲጠመጥሙ የዋሉ ሠራተኞች በአንድ ዘመን የተገናኙበት ታሪክ ነው።

የጠረፉ ልጆች

በማዕበል ላይ በሳንቃ ቆሞ መጋለብ የፖሊኔዥያ ሕዝቦች፣ በተለይም የሃዋይ ሰዎች፣ ጥንታዊ ጥበብ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከባዱን የእንጨት ሳንቃ ቀላል የአረፋ ፕላስቲክ ሳንቃ ሲተካው፣ በ1959 ደግሞ «ጊጄት» የተሰኘው የሆሊዉድ ፊልም ይህን ኑሮ በየከተማው ሲያሳይ፣ የካሊፎርኒያ ወጣቶች ወደ ጠረፉ ጎረፉ። ቀን በውኃው ላይ የዋለው ወጣት ማታ የሚጨፍርበት ሙዚቃ ያስፈልገው ነበር።

ያ ሙዚቃ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ግጥም አልነበረውም። ጊታር፣ ቤዝ፣ ከበሮ፣ አንዳንዴም ሳክስፎንና ፒያኖ ብቻ ነበሩ። በ1961 ቤል ኤርስ የተባለው የወጣቶች ጓድ «ሚስተር ሞቶ»ን፣ ዲክ ዴል ደግሞ «ሌትስ ጎ ትሪፒን»ን አወጡ። በ1963 የቻንቴይስ «ፓይፕላይን» እና የሰርፋሪስ «ዋይፕ አውት» በመላው አሜሪካ ተሰሙ። ከእነዚህ ሙዚቀኞች ብዙዎቹ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ።

የጊታራቸው ድምፅ ከቀደመው ሁሉ ተለይቶ ይታወቅ ነበር። እንደ ጃዝ ጊታር ለስላሳና ክብ አልነበረም፤ ኋላ እንደመጣው ከባድ ሮክም የተቀደደና የሻከረ አልነበረም። ጥርት ያለ፣ ስለታም፣ ክሩ በተመታ ቁጥር ጫፉ የሚሰማ፣ ደግሞም ውኃ እንደነካው ነገር የሚያንጠባጥብ ድምፅ ነበር። ይህ ድምፅ እንዴት እንደተገኘ ለመረዳት ወደ ማግኔቷ መመለስ ያስፈልጋል።

ክሩ፣ ማግኔቱ፣ ሽቦው

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራደይ በ1831 እንዳሳየው፣ በተጠመጠመ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ማግኔታዊ ኃይል በተለዋወጠ ቁጥር በሽቦው ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የጊታር ፒክአፕ ከዚህ የዘለለ ምሥጢር የለውም። ከክሮቹ ሥር ያሉት ማግኔቶች የብረቱን ክር በመጠኑ ማግኔት ያደርጉታል። ክሩ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ያለውን ማግኔታዊ ኃይል ያናውጠዋል፤ ያም መናወጥ የክሩን እንቅስቃሴ ተከትሎ የሚወዛወዝ ደካማ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ማጉያው ያንን ያጎላዋል፤ ስፒከሩም መልሶ ድምፅ ያደርገዋል።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። እንዲህ ያለው ፒክአፕ የሚሰማው አየሩን ሳይሆን ብረቱን ነው። የጅማት ወይም የናይለን ክር በታሰረበት ክራር ላይ ቢገጠም ምንም አያሰማም፤ ያው ክራር የብረት ክር ቢታሰርለት ግን ወዲያው ይናገራል። ማይክሮፎን የአዳራሹን ጫጫታና የሣጥኑን ንዝረት አብሮ ሲሰበስብ፣ ፒክአፕ ከሞላ ጎደል ክሩን ብቻ ይከታተላል። ስለዚህም የፒክአፑ አሠራር ትንሽ በተለወጠ ቁጥር የመሣሪያው ጠባይ አብሮ ይለወጣል።

ጠባዩን የሚወስኑ ሦስት ነገሮች በተለይ ሊታወቁ ይገባል። የመጀመሪያው የሽቦው ዙር ብዛት ነው። ዙሩ በበዛ ቁጥር የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ይጠነክራል፤ በዚያው መጠን ግን ከፍተኛዎቹ ረቂቅ ድምፆች ይታፈናሉ። ጉልበትና ጥራት በአንድ ሚዛን ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። እያንዳንዱ ፒክአፕ ከጊታሩ ገመድ ጋር ተዳምሮ አንድን የድምፅ ክልል ለይቶ ያጎላል። በቀጭን ጥቅል ሽቦ በተሠራ ፒክአፕ ይህ ክልል በሴኮንድ ከ3,000 እስከ 5,000 ንዝረት አካባቢ ይወድቃል። የሰው ጆሮ እጅግ ንቁ የሚሆነውም በዚሁ አካባቢ ነው፤ ድምፁ «ስለታም» ሆኖ የሚሰማው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የፒክአፑ ቦታ ነው። ክሩ ከታሰረበት ጫፍ ርቆ፣ ወደ ጊታሩ አንገት በቀረበ ስፍራ በሰፊው ይወዛወዛል፤ በዚያ የተቀመጠ ፒክአፕ ወፍራምና ሞቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ክሩ ወደሚያርፍበት ድልድይ በተጠጋው ስፍራ ግን ክሩ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ዋናው ድምፅ ይቀንስና ረቂቆቹ ድምፆች ጎልተው ይወጣሉ። አንድ ክር፣ በአንድ መምቻ፣ በአንድ ጊዜ ተመትቶ፣ በሁለቱ ቦታዎች ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ይመስላል።

ሦስተኛው የጥቅሉ ቅርፅና ቁጥር ነው። የሰርፍ ድምፅ ዕጣ የተወሰነው በዚህኛው ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለት ቤቶች፣ ሁለት ሐሳቦች

በሥራ ላይ የዋለው የመጀመሪያ ማግኔታዊ የጊታር ፒክአፕ በ1931 በሎስ አንጀለስ ተሠራ። ሠሪው ጆርጅ ቦሻምፕ፣ አምራቹም አዶልፍ ሪከንባከር ነበሩ። ፓተንቱ የተሰጠው በ1937 ነው። ጊታሩ ትንሽ ክብ ሰውነትና ረጅም አንገት ስለነበረው «መጥበሻው» የሚል ቅጽል ወጣለት፤ ጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታ የሃዋይ ጊታር ነበር። እንግዲህ የኤሌክትሪክ ጊታር ገና ሲወለድ የሃዋይ ባሕር ነፍሶበታል።

ከዚያ ብዙም በማይርቀው የፉለርተን ከተማ ሊዮ ፌንደር የተባለ ሰው በ1938 የሬድዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ፌንደር የተማረው የሒሳብ አያያዝ ነበር፤ በልጅነቱ አንድ ዐይኑን አጥቷል፤ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ሙዚቀኞች ማጉያዎቻቸውን ሊያስጠግኑ ሲመጡ የሚያማርሩትን ያዳምጥ ነበር። ያልተማረውን ጨዋታ በሚጫወቱት ሰዎች ጆሮ ተማረ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቴሌካስተርን፣ በ1954 ደግሞ ባለ ሦስት ፒክአፑን ስትራቶካስተር ለገበያ አቀረበ። የእርሱ ፒክአፖች ባለ አንድ ጥቅል ነበሩ፤ ስድስት የብረት ማግኔት ዘንጎች፣ በዙሪያቸውም በግምት 8,000 ጊዜ የተጠመጠመ ሽቦ። ቢዘረጋ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችል ሽቦ በጣት ልክ ዕቃ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር። በድልድዩ በኩል ያለውን ፒክአፕ ዘወር አድርጎ በሰያፍ አስቀመጠው፤ የቀጫጭኖቹ ክሮች ድምፅ ይበልጥ እንዲሳል፣ የወፍራሞቹም በመጠኑ እንዲሞላ ማለት ነው።

ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ግን አንድ የታወቀ ጉድለት ነበረበት። ከመብራት መስመር፣ ከትራንስፎርመር፣ ከአዳራሹ መብራቶች የሚወጣውን ማግኔታዊ ሁከት ሁሉ እየለቀመ ሳያቋርጥ ያጉረመርማል። በሚቺጋን ግዛት በካላማዙ ከተማ የነበረው የጊብሰን ፋብሪካ ይህን ሊቀበል አልፈለገም። የፋብሪካው መሐንዲስ ሴት ላቨር በ1955 መፍትሔ አገኘ። ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን አድርጎ፣ አንዱን በሌላው ተቃራኒ ጠምጥሞ፣ ማግኔታቸውንም አገላብጦ አገናኛቸው። ከውጭ የመጣው ጉርምርምታ በሁለቱ ውስጥ ተቃራኒ ሆኖ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ሀምባከር ተባለ፤ በ1957 በጊብሰን ጊታሮች ላይ ታየ፤ በ1959 ፓተንት ተሰጠው።

ሀምባከር ብልህ ሥራ ነበር፤ ዋጋ ግን አስከፈለ። ሁለቱ ጥቅሎች ክሩን በሁለት ቦታ ስለሚያዳምጡት እጅግ ረቂቆቹ ድምፆች በመካከል ይጠፋሉ። ሽቦውም ስለሚበዛ ጎልቶ የሚሰማው ክልል ወደ ታች ይወርዳል። ድምፁ ይሞቃል፣ ይወፍራል፣ ይለሰልሳል፤ ጉልበቱም ስለሚያይል ማጉያውን ቶሎ ያስጨንቀዋል፤ ማጉያውም መቀደድ ይጀምራል። ለጃዝና ለብሉዝ ይህ በረከት ነበር። ለሚመጣው የባሕር ሙዚቃ ግን የድምፁን ስለት ማዶልዶም ይሆንበት ነበር። ጉርምርምታውን ለማጥፋት የሚከፈለው ዋጋ ጥራት ሆነ፤ ጥራቱን ለማቆየት የሚከፈለው ደግሞ ጉርምርምታው ሆነ። የካሊፎርኒያ ወጣቶች ሳያውቁት ሁለተኛውን መረጡ።

ከምስር የመጣችው ዜማ

ዲክ ዴል በመዝገብ ስሙ ሪቻርድ ሞንሱር ይባላል። በ1937 በቦስተን ተወለደ፤ የአባቱ ቤተ ሰብ ከሊባኖስ የመጣ ነበር። አጎቱ ኡድ ይጫወት ነበር፤ ልጁም ከእርሱ ኡድንና በእጅ የሚመታውን የዐረብ ከበሮ ቀመሰ። በ1954 ቤተ ሰቡ ወደ ካሊፎርኒያ ተዛወረ፤ ወጣቱም ማዕበል መጋለብ ጀመረ። ግራኝ ስለነበር ለቀኝ እጅ የታሰረውን ጊታር ክሮቹን ሳይቀይር ገልብጦ ይመታ ነበር። ስለዚህ ወፍራሞቹ ክሮች በታች፣ ቀጫጭኖቹ በላይ ሆኑ።

በ1961 ዴል በኒውፖርት ቢች፣ በባልቦዋ ልሳነ ምድር ላይ በነበረው ራንዴቩ አዳራሽ መጫወት ጀመረ። አዳራሹ በ1928 የተከፈተ ትልቅ የዳንስ ቤት ነበር። የከተማው ባለ ሥልጣናት ወጣቶቹ ክራቫት ካላሰሩ እንዳይገቡ ማዘዛቸውን፣ ባዶ እግራቸውን ከባሕር የመጡ ልጆችም በአንገታቸው ክራቫት አንጠልጥለው ይጨፍሩ እንደነበር ዴል ደጋግሞ ይተርክ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ወጣት በአንድነት ወለሉን በእግሩ ሲደበድብ የጊታሩ ድምፅ ይዋጥ ነበር። ዴል ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፈተ፤ ማጉያዎቹም ተራ በተራ ተቃጠሉ።

በ1962 «ሚሲርሉ»ን ቀረጸ። አንድ ታዳጊ በአንድ ክር ብቻ ዜማ መጫወት ይችል እንደሆነ ጠይቆት፣ የአጎቱን ኡድ አስታውሶ ይህን ዜማ እንዳነሣ ተናግሯል። «ሚሲርሉ» በምሥራቃዊ ሜድትራኒያን የግሪኮች፣ የቱርኮች፣ የዐረቦችና የአርመኖች የጋራ ቅርስ የሆነ፣ ደራሲው በውል የማይለይ የቆየ ዜማ ነው። ስሙ «ግብፃዊቷ» ማለት ነው፤ በቀደሙት የግዕዝ መጻሕፍት ግብፅ «ምስር» ተብላ የምትጠራበት ያው ስም ነው። በዝግታ የሚዘፈነውን የፍቅር ዜማ ዴል በእጅጉ አፈጠነው፤ መምቻውን በወፍራሙ ክር ላይ ወደ ታችና ወደ ላይ ያለ ፋታ እያርገበገበ።

ይህ አመታት ለቀይ ባሕርና ለሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በሱዳን፣ በጅቡቲ፣ ሶማሌዎች «ካባን» በሚሉት ኡድ፣ በዛንዚባርም የታራብ ጨዋታ፣ የኡድ ተጫዋች ድምፁ ቶሎ እንዳይሞትበት አንዱን ክር በፍጥነት ደጋግሞ ይመታዋል። ዴል ያንን የእጅ ልማድ ወደ ብረት ክርና ወደ ማግኔት አዛወረው። እዚህ ላይ ነው የፒክአፑ ዓይነት ወሳኝ የሚሆነው። በፍጥነት የተደጋገመ ምት ውበቱ እያንዳንዱ ምት ለየብቻው ራስ ኖሮት ሲሰማ ነው። በሞቃትና ወፍራም ፒክአፕ ምቶቹ ተቀላቅለው አንድ ጉርፍ ይሆናሉ፤ በድልድዩ አጠገብ ባለው ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ግን እንደ ጠጠር ተለይተው ይቆጠራሉ። «ሚሲርሉ» ለሰሚው የሚንደረደር እንጂ የሚደፈርስ የማይመስለው ለዚህ ነው።

ዴል ከተለመደው እጅግ የወፈሩ ክሮችን ያስር ነበር። ወፍራም ክር ብዙ ብረት ስለሆነ ማግኔታዊውን ኃይል አብዝቶ ያናውጣል፤ ከስስ ፒክአፕም ጠንካራ ድምፅ ያስወጣል። ወፍራም ክር በተፈጥሮው የሚያጎድለውን ስለት ደግሞ ስሉ ፒክአፕ ይሞላለታል። በራሱ ጊታር ላይ የቃና ማለስለሻ ማዞሪያዎቹን አስወግዶ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያውን ብቻ አስቀረ፤ የሚያለሰልሰው ነገር አልፈለገም ነበርና።

የቀረው ጥያቄ ይህን ጥርት ያለ ድምፅ ሳይቀድዱ እንዴት አድርጎ አዳራሽ መሙላት እንደሚቻል ነበር። ፌንደርና የፋብሪካው ባልደረባ ፍሬዲ ታቫሬስ ችግሩን በዐይናቸው ለማየት ወደ ራንዴቩ ሄደው በሕዝቡ መካከል መቆማቸውን ዴል ተርኳል። ታቫሬስ የሃዋይ ተወላጅና ሙዚቀኛ ነበር፤ የስትራቶካስተርን ቅርፅ በመንደፍም እጁ አለበት። ከዚያ ጉብኝት በኋላ ነው ትላልቅ ትራንስፎርመርና ባለ 15 ኢንች ጄቢኤል ስፒከሮች ያሉት «ዱዋል ሾውማን» የተባለው ማጉያ የተሠራው። ዓላማው ድምፁን ከፍ ማድረግ ብቻ አልነበረም፤ ከፍ ሲል ጥራቱን እንዳያጣ ማድረግ ነበር።

ሞላና ገደል ማሚቶ

የሰርፍ ድምፅ ሲነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው «ሪቨርብ» የሚባለውን፣ በገደል ማሚቶ የተከበበውን እርጥብ ስሜት ነው። ይህ ድምፅ በመጀመሪያ ለሃመንድ ኦርጋን ከተሠራ መሣሪያ የተወረሰ ነው። ፌንደር ከሃመንድ ፈቃድ አግኝቶ በ1961 ራሱን የቻለ የሪቨርብ ሣጥን ለገበያ አወጣ። ዴል እንደሚለው በመጀመሪያ የፈለገው ለመዝፈኛ ድምፁ ነበር።

በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ረጃጅም ሞላዎች ናቸው። ከጊታሩ የመጣው ኤሌክትሪክ በአንደኛው ጫፍ በጥቅል ሽቦና በማግኔት አማካይነት ሞላውን ይነቀንቀዋል። ንቅናቄው በሞላው ላይ እየተመላለሰ ይጓዛል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ሌላ ማግኔትና ሌላ ጥቅል ሽቦ ንቅናቄውን ተቀብለው መልሰው ኤሌክትሪክ ያደርጉታል። እንግዲህ ሪቨርቡ ራሱ በሌላ መልኩ ሌላ ፒክአፕ ነው፤ በጊታሩ ክር ፈንታ ሞላ የሚያዳምጥ። ስፒከሩም ማግኔትና ሽቦ ነው። የፋራደይ ሕግ ከክሩ እስከ ሰሚው ጆሮ ባለው መንገድ ላይ ደጋግሞ ይሠራል።

ሞላ የሚያንጠባጥበው በድንገት ሲነካ ነው። ለስላሳ ድምፅ ሲገባበት ጉም የመሰለ ድባብ ብቻ ይሰጣል፤ ስለታም ምት ሲገባበት ግን ውኃ ላይ ጠጠር እንደተወረወረ «ጠብ» ይላል። ስለዚህ እርጥቡ ድምፅ ራሱ ከስሉ ፒክአፕ ውጭ እንዲህ ባልሆነ ነበር። በ1961 የወጣው «ሌትስ ጎ ትሪፒን» የሞላ ሪቨርብ የሌለበት መሆኑ ደግሞ የሰርፍ ጊታር መሠረት ከገደል ማሚቶው በፊት የነበረ ለመሆኑ ምስክር ነው። መጀመሪያ ምቱና ጥራቱ ነበሩ፤ ውኃው በኋላ ፈሰሰባቸው።

ለጃዝ ተሠርቶ ለባሕር የሆነው

ሠሪ ያሰበውና ተጫዋች የሚያደርገው ሁልጊዜ አንድ እንደማይሆን የሚያሳየው የጃዝማስተር ታሪክ ነው። ፌንደር ይህን ጊታር በ1958 ያወጣው፣ ስሙም እንደሚናገረው፣ የጃዝ ተጫዋቾችን ከጊብሰን ለመሳብ ነበር። ፒክአፖቹን ሰፋፊና ጠፍጣፋ አድርጎ ሠራቸው፤ ድምፃቸው ከስትራቶካስተር ይልቅ ሞላ ያለ እንዲሆን። የጃዝ ሰዎች ግን ከባለ ባዶ ሣጥን ጊታራቸው ንቅንቅ አላሉም።

ጊታሩን ያነሡት የጠረፉ ልጆች ናቸው። ፒክአፖቹ ሞላ ቢሉም ባለ አንድ ጥቅል ስለሆኑ ጥራታቸውን አልጣሉም ነበር። የተገጠሙለት መቆጣጠሪያዎች ባለ አንድ ሚሊዮን ኦም በመሆናቸውም ከስትራቶካስተር 250,000 ኦም መቆጣጠሪያ ይልቅ ከፍተኛዎቹን ድምፆች አሳልፈው ይሰጡ ነበር። በዚያ ላይ ክሮቹን በቀስታ የሚያወዛውዘው ዘንጉ ድምፁን እንደ ውኃ ወለል ያናውጠዋል። በ1962 ጃጓር ተከተለ። አንገቱ አጠር ያለ፣ ፒክአፖቹም ጠባብና ማግኔታዊውን ኃይል የሚሰበስብ ጥርስ መሰል ብረት የታቀፋቸው ነበሩ። ወፍራም ድምፆችን የሚቆርጥ ማብሪያም ነበረው፤ ለስለት የተሠራ ጊታር ነበር ማለት ይቻላል። የቢች ቦይስ ጊታር ተጫዋች ካርል ዊልሰን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከያዛቸው ጊታሮች አንዱ ይኸው ጃጓር ነው።

ሆኖም የሰርፍ ድምፅ በአንድ የፒክአፕ ዓይነት ብቻ ይወሰናል ማለት አይደለም። ከዋሽንግተን ግዛት የመጡት ቬንቸርስ በ1960 «ዎክ ዶንት ረን»ን ሲያወጡ የፌንደር ጊታሮችን ይዘው ነበር። ከ1963 ጀምሮ ግን በካሊፎርኒያዋ ቤከርስፊልድ ሴሚ ሞስሊ የሠራቸውን የሞስራይት ጊታሮች ያዙ። የሞስራይት ፒክአፖች ጉልበታቸው የበረታ፣ ድምፃቸውም የወፈረ ነበር፤ የቬንቸርስም ጨዋታ ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ጠንክሮ ተሰማ። በ1965 ጃፓን ውስጥ «ኤሌኪ» የተባለው የኤሌክትሪክ ጊታር ማዕበል ሲነሣ ከፊት የነበሩት እነርሱ ናቸው። ለቶኪዮ ወጣት «የሰርፍ ጊታር» ማለት የሞስራይት ድምፅ ነበር፤ ለባልቦዋ ወጣት ደግሞ የስትራቶካስተር። ፒክአፑ ሙዚቃውን አይጽፈውም፤ ሙዚቃው የሚናገርበትን አንደበት ግን ይሰጠዋል።

የጠምጣሚዎቹ እጅ

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በፉለርተን የነበረው የፌንደር ፋብሪካ ፒክአፖቹን ሙሉ በሙሉ በማሽን አይሠራም ነበር። ማሽኑ ጥቅሉን ያሽከረክራል፤ ሽቦውን እየመራ ወዲያና ወዲህ የሚያደላድለው ግን የሠራተኛ ጣት ነው። የሽቦው መወጠር፣ የመደራረቡ ሥርዓት፣ የዙሩም ቁጥር በእጁ ልክ ይለያያል። በአንድ ዓመት የተሠሩ ሁለት ስትራቶካስተሮች በድምፅ የማይመሳሰሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከእነዚህ ሠራተኞች መካከል ስሟ ለታሪክ የተረፈላት አቢጌል ኢባራ ናት። በ1956 ወደ ፋብሪካው ገባች፤ ከዚያም ለአሥርተ ዓመታት ሽቦ ጠመጠመች። በሥራዋ ላይ የስሟን መነሻ ፊደላትና ቀን ትጽፍ ስለነበር አሮጌ ጊታር የፈቱ ሰዎች ፊርማዋን አገኙት፤ በኋለኛው ዘመን እርሷ የጠመጠመችው ፒክአፕ በስሟ የሚፈለግ ዕቃ ሆነ። ከእርሷ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጡት የብዙዎቹ ስም ግን አይታወቅም። ንጉሡ ዘውዱን ደፋ፤ ሽቦውን የጠመጠሙት ግን በዘመኑ አልተወሱም።

ማዕበሉ ሲመለስ

የሰርፍ ሙዚቃ የድምቀት ዘመን አጭር ነበር። በየካቲት 1964 ቢትልስ አሜሪካ ሲገቡ የወጣቱ ጆሮ ወደ ዘፈኑ ዞረ። በጥር 1965 ሊዮ ፌንደር ድርጅቱን ለሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በ1966 ራንዴቩ አዳራሽ በእሳት ወደመ። ከዚያ በኋላ የገነነው የሮክ ጊታር የሚፈልገው በትክክል ሰርፍ ይሸሸው የነበረውን ሆነ፤ የሀምባከርን ጉልበትና የማጉያውን መቀደድ። ጃጓር በ1975፣ ጃዝማስተርም በ1980 ከምርት ወጡ።

ነገር ግን የተናቀ ዕቃ ርካሽ ይሆናል፤ ርካሽ የሆነ ዕቃ ደግሞ ገንዘብ በሌለው ወጣት እጅ ይገባል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የኒው ዮርክ ሙዚቀኞች፣ ከእነርሱም የቴሌቪዥን ጓድ መሪ ቶም ቨርሌይንና ሶኒክ ዩዝ፣ ጃዝማስተርን እንደገና አነሡት፤ ጊታሮቹም በኋላ ወደ ፋብሪካ ተመለሱ። በ1994 «ፐልፕ ፊክሽን» የተሰኘው ፊልም በ«ሚሲርሉ» ሲከፈት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው ቅጂ ለአዲስ ትውልድ እንደ አዲስ ተሰማ። ዴልም እንደገና ዓለምን እየዞረ ሲጫወት ኖሮ በመጋቢት 2019 በ81 ዓመቱ ዐረፈ።

ዛሬ በዲጂታል መሣሪያ ማንኛውንም ጉርምርምታ ማጥፋት፣ ማንኛውንም የሞላ ድምፅ በስሌት መፍጠር ይቻላል። ሆኖም ሰርፍ የሚጫወቱ ወጣቶች አሁንም ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ያለውን ጊታር ይመርጣሉ። በዜማዎቹ መካከል ዝምታ ሲሆን ያ አሮጌ ጉርምርምታ ከስፒከሩ ይሰማል። መሐንዲሶች ጉድለት ነው ብለው ሊያስወግዱት የደከሙለት ድምፅ ነው፤ እርሱን ጨርሶ ያስወገደ ግን ከእርሱ ጋር የመጣውን ጥራት አብሮ አስወገደ። ተጫዋቹም ጉርምርምታውን ታግሦ ይጠብቃል፤ መምቻው ክሩን በነካ ጊዜ ማዕበሉ ይሸፍነዋልና።